ቀለል ያለ መጽሐፍ

ሰው ለሰው መጽሐፍ ሲመርጥ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሽንኩርት የሚገዛ ሰው እንኳ ጨብጦ ያያል፣ የለሰለሰውን ለይቶ ይመልሳል፣ ከሻጯ ጋር ይጨቃጨቃል። መጽሐፍ ላይ ሲደርስ ግን ሽፋኑን ያያል፣ ውፍረቱን በጣቱ ይለካል፣ «ይሄ ያምራል» ይልና ያስጠቀልላል። ለምን እንደዚህ እንደሚቀልድ አውቃለሁ። እኛ ዘንድ የተሰጠንን ነገር በሰጪው ፊት አንከፍትም፤ ነውር ነው። በሁለት እጃችን ተቀብለን፣ ጎንበስ ብለን አመስግነን፣ እንደተጠቀለለ ይዘን ቤታችን እንገባለን። ስለዚህ ሰጪው የተቀባዩን ፊት አያየውም። ዕድሜ ልኩን የማይሆን ነገር ሲሰጥ ኖሮ «ስጦታ ያውቃል» እየተባለ ይሞታል።

ተናዳጅ ነሽ ይሉኛል። ነኝ። አሶሳ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ሳስተምር አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ከጎጃም ተመድቤ ስመጣ ሁለት ዓመት ሠርቼ እዛወራለሁ ብዬ ነበር፤ እንደዚያ ሳይል የሚመጣ የለም። ከማስተማሩ ጋር ቤተ መጻሕፍቱን ደርቤ እይዛለሁ፣ በዓመቱ መጨረሻ ለጎበዝ ተማሪዎች የሚሸለሙትንም መጻሕፍት እመርጣለሁ። ይህንን የመጨረሻውን ሥራ ማንም አልሰጠኝም። ተጣልቼ ነው የወሰድኩት።

ከእኔ በፊት የሽልማት ኮሚቴው በየሰኔው ሃያ ተመሳሳይ መዝገበ ቃላት ይገዛ ነበር። ምክትል ርዕሰ መምህሩ «አንድ ዓይነት ሲሆን ለግዢ ይመቻል» ይል ነበር። ዘጠነኛ ክፍል አንደኛ የወጣ አንድ ልጅ አሥረኛም አሥራ አንደኛም አንደኛ ወጣ፤ ሦስት ዓመት ተሸልሞ ሦስት አንድ ዓይነት መዝገበ ቃላት ቤቱ ገባ። ሦስተኛውን ሲቀበል አጠገቡ ቆሜ ነበር። ልጁ በወረቀቱ ላይ እጁን አሳልፎ ቅርጹን ሲያውቀው ፊቱ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። በማግሥቱ መምህራን ማረፊያ ገብቼ ጮህኩ። መዝገበ ቃላት ፍየል ነው ወይ፣ ሦስት ሲሆን የሚዋለደው ብዬ ጠየቅኋቸው። አንባቢ ሁሉ አንድ ዓይነት ጫማ ያደርጋል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ምክትሉ ሲሰለቸው «እንግዲያው አንቺ ምረጪ» አለኝ።

መረጥኩ። ለመምረጥ መጀመሪያ ሰውየውን ማየት ነው። አሥራ አራት ዓመት ለሞላው ወንድ ልጅ ምክር የሞላበት መጽሐፍ አይሰጥም፤ ምክር ከእናቱ ይበቃዋል፣ እሱ የሚፈልገው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሰው የጠፋበትን ታሪክ ነው። ጓደኛዋ የከዳቻት ልጅ ግጥም ትፈልጋለች፣ ግን አጭር ግጥም፣ ክፍል ውስጥ ደብተር ሥር ሸሽጋ የምታነበው። ዘበኛችን ጡረታ ሲወጡ ሁሉም ስለ ጤና አጠባበቅ መጽሐፍ ካልሰጠን ብሎ ነበር። ሰውየው ስድሳ ዓመት ሙሉ ጤነኛ ነበሩ፤ እኔ የፍቅር ልብ ወለድ ሰጠኋቸው፣ ፊደሉ ተለቅ ያለ። በሳምንቱ መጥተው «ክፍል ሁለት የለውም ወይ?» አሉኝ። አንድ ጊዜ ደግሞ ከጉባ ለዕረፍት የወጣ የግድብ ሠራተኛ ዘመዱን ተከትሎ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ መጣና «ቶሎ የማያልቅ ልብ ወለድ አለሽ?» አለኝ። ካምፕ ውስጥ ቀኑ ሲያልቅ የሚያደርገው ጠፍቶት ነው። ከራሴ ቤት ሁለት ቅጽ ያለው አምጥቼ ሰጠሁት። አልመለሰውም፤ እሱ ላይ አልተናደድኩም።

እንዲህ እንዲህ ስል ስም አተረፍኩ። ልጁን ለልደቱ፣ እጮኛውን ለቀለበት፣ አለቃውን ለሽኝት መጽሐፍ ሊሰጥ ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ እኔ ዘንድ ይመጣል። «እሷ ሰውን አይታ ነው የምትመርጠው» ይላሉ። እኔም አፌን ሞልቼ ሰውን አይቼ ነው የምመርጠው እል ነበር። መጻሕፍቱን የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ትልክልኛለች። እያንዳንዱን ራሴ በሚያብረቀርቅ ወረቀት እጠቀልላለሁ፤ ከመጠቅለሌ በፊት የመጀመሪያው ገጽ ላይ የትምህርት ቤቱን ማኅተም እመታለሁ፣ እፈርማለሁ።

ልጅቷ አሥረኛ ክፍል እያለች ነው እኔ ዘንድ የደረሰችው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ቤተሰቦቿ ከመንጌ አልፎ ባለ መንደር ያርሳሉ፣ ውሃው ሲጎድል ወርቅ ያጥባሉ። መንደራቸው ያኔ ትምህርት ቤት ስላልነበረው አባቷ በሰባት ዓመቷ አሶሳ አክስቷ ዘንድ ላካት። አሥር ዓመት ሙሉ ክረምት ክረምት ትሄዳለች፣ መስከረም ላይ ትመለሳለች። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ስትመለስ ተጨቃጭቀውባት ነው። የአባቷ ታላቅ ወንድም «ሴት ልጅ ከተማ ምን ትሠራለች፣ እዚሁ ታግዝ» ይላል፤ አባቷ «ትማራለች» ይላል። እስካሁን አባትየው ሲረታ ኖሯል። ይህን አክስቷ የወላጅ ስብሰባ ላይ ነገረችኝ።

ልጅቷ ስትናገር ቃል ታጥራለች። የቤቷ ቋንቋ በርታ ነው፤ ክፍል ውስጥ ጓደኞቿ እንዳይስቁባት አጠር አድርጋ ተናግራ ትቀመጣለች። ስትጽፍ ግን ሌላ ሰው ናት። ስለ መንደራችሁ ጻፉ ብዬ ባዘዝኳቸው ጊዜ፣ ሌሎቹ ስለ ማንጎው፣ ስለ ወንዙና ስለ አየሩ ሲጽፉ፣ እሷ እናቷ ገበቴው ውስጥ ያለውን አሸዋ አጥባ ልትጨርስ ስትል ፊቷ ምን እንደሚሆን አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈች። ወርቅ ይኑር አይኑር አልነገረችንም። ፊቷን ብቻ ነው የጻፈችው። አንብቤ ስጨርስ ቢሮዬ ጠርቼ «ማን ጻፈልሽ?» አልኳት።

«እኔ» አለች።

«እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም።»

«እኔ» አለች ደግማ፣ ከዚያ መሬት መሬት ታይ ጀመር። ከአሥር ሰባት ሰጠኋት። ሦስቱን ለጥርጣሬዬ ያዝኩት።

በዚያው ዓመት ሦስት ጊዜ ቤተ መጻሕፍት መጥታ አንድ ወፍራም ልብ ወለድ እንዳውሳት ጠየቀችኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች እንኳ ጀምረው የሚተዉት ነው። ሦስቱንም ጊዜ «ይከብድሻል የኔ ልጅ፣ ለጊዜው ቀለል ባለው ጀምሪ» አልኳት። በደግነት ነው ያልኳት። ያሳብደኛል አሁን ሳስበው፤ በደግነት። ለሰው ሁሉ ሰውን አይቼ እመርጣለሁ የምለው ሴትዮ፣ የእሷን አነጋገር ሰምቼ አእምሮዋን ለካሁ።

እሷ ብቻ አልነበረችም። ከገጠር የመጡ የበርታ ልጆች ሲሸለሙ እጄ በየዓመቱ ወደ ቀጫጭኖቹ መጻሕፍት ይሄድ ነበር። ሥዕል ያላቸው፣ ዓረፍተ ነገራቸው ያጠረ፣ ጦጣና ዝሆን የሚነጋገሩባቸው። እንዳይቸገሩ ብዬ ነው። ማንም ደግሞ ተቃውሞኝ አያውቅም።

በዚያ ሰኔ ልጅቷ ከክፍሏ ሁለተኛ ወጣች። ለአንደኛው ልጅ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ መረጥኩ። ሦስተኛ ለወጣችው የግጥም መድበል መረጥኩ፤ ስለ እናት የሚሉትን ግጥሞች አስቀድሜ አንብቤ፣ እናቷ በቅርቡ ስለሞተች፣ አይጎዷትም ወይ ብዬ ሁለት ቀን አስቤ። ለእሷ ግን ያሰብኩት አምስት ደቂቃ አይሞላም። ሃያ አራት ገጽ ያለው፣ በየገጹ ሥዕል ያለበት ተረት አነሳሁ። ማኅተም መታሁ፣ ፈረምኩ፣ ጠቀለልኩ። መጽሐፉ ቀጭን ስለሆነ እንዳታፍር ብዬ ወረቀቱን ደርቤ አወፈርኩት።

ለበዓሉ አባቷ ከመንጌ መጣ። ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ጫማው ላይ የመንገዱ ቀይ ጭቃ እንዳለ፣ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ነበር። ስሟ ሲጠራ ተነስቶ ቆመ፤ ሌሎች ወላጆች ቁጭ እንዳሉ እሱ ብቻ ቆመ። ልጅቷ ጥቅሉን በሁለት እጇ ተቀበለችኝና ጎንበስ አለች። ሲያበቃ አባትየው መጥቶ እጄን ይዞ አለቀቀኝም።

«አስተማሪ፣ አላህ ይስጥልኝ» አለኝ፣ ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛው። «ወንድም የኔ ሁልጊዜ ይላል፣ ልጅ ከተማ ምን ይሠራል፣ ይመጣና ወርቅ ይጠብ ይላል። አሁን ይሄን አሳየዋለሁ። ሰው እጠራለሁ። በሰው ፊት ይከፈታል። ከዚያ ወንድም አፉ ይዘጋል።»

«ደግ አደረጉ» አልኩት። ያ ጥቅል ውስጥ ያለውን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ግን ምንም አልከነከነኝም። እንዲያውም ያን ዕለት መምህራን ማረፊያ ውስጥ ሰው ሲያመሰግነኝ ደስ ብሎኝ ሻይ ጋበዝኩ።

መስከረም ላይ አልመጣችም። ምዝገባው አለቀ፣ ስም ተጠራ፣ የእሷ ስም ላይ ዝም ተባለ። አንድ ሳምንት ጠበቅሁ። አክስቷን ስጠይቃት «አባቷ ትቅር ብሏል» ብቻ ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች። እኔ ምክንያቱን ማወቅ አላስፈለገኝም፤ የማውቅ መስሎኝ ነበር። መምህራን ማረፊያ ውስጥ አንዱ «ድረዋታል» አለ፣ ሌላው «ወርቅ ላይ ናት» አለ። ቆሽቴ አረረ። አሥር ዓመት አስተምሮ ሁለት ዓመት ሲቀራት የሚያስቀር አባት ምን ዓይነት አባት ነው እያልኩ ስንት ሰው አዳረቅሁ። ቅዳሜ በጠዋት መንጌ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ክረምቱ ገና አልወጣም ነበር። ከመንጌ ወዲያ በሞተር ሄድኩ፤ ሁለት ቦታ ወርደን ሞተሩን ከጭቃ ገፋን። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስደረድር ነበር። ሴት ልጅ መማሯ መብቷ እንደሆነ፣ ወረዳው ድረስ እንደምሄድ፣ እንደምከስ። ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኖ መንደሩ ስገባ አባትየው ማንጎው ጥላ ሥር ከወንድሙና ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ ነበር። ሰላምታ ሳልጨርስ ጀመርኩ።

«ልጅቷን ለምን አስቀሯት? ትምህርቷን ልታበላሹባት ነው? እርስዎ ራስዎ አይደሉም ወይ ትማር ያሉት?»

አባትየው አልተቆጣም። የቀርከሃ አልጋውን በእጁ ጠረግ ጠረግ አደረገልኝ። «አስተማሪ፣ አንተ ተናዶ መጣህ» አለኝ። «መንገድ ከባድ ነው። መጀመሪያ ቁጭ በል፣ ውሃ ጠጣ።»

ውሃ ጠጣሁ፣ ቀይ የከርከዴ አበባ ሻይ መጣልኝ፣ እሱንም ጠጣሁ። እሱ ቤት ገብቶ ቆየና ጥቅሉን ይዞ ተመለሰ። ወረቀቱ እኔ በጠቀለልኩት እጥፋት መልሶ ታጥፏል። መጽሐፉን አውጥቶ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠው።

«ይሄ ማን ሰጠ?»

«እኔ።»

«ማን መረጠ?»

«እኔ ነኝ የመረጥኩት።»

«ውስጥ ማኅተም አለ። የትምህርት ቤት ነው?»

«አዎ።»

«እኔ ማንበብ አላውቅም» አለኝ። «እስቲ ጀርባው አንብብ። ጮክ በል፣ እነዚህ ሰዎች ይስሙ።»

መጽሐፉን ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ፣ ከሥር፣ በትንሽ ክብ ውስጥ የተጻፈ ነገር አለ። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እንደ ዋጋው ሁሉ ዓይን የሚያልፈው ጽሑፍ ነው። «ከሰባት እስከ ዘጠኝ ዓመት ለሆኑ ሕፃናት» ብዬ አነበብኩ።

«ልጅ የኔ ስንት ዓመት ነው?»

«አሥራ ሰባት።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ የሆነውን ነገረኝ፤ ሳይቸኩል፣ የጠፋውን ቃል ሽማግሌዎቹን በቋንቋቸው እየጠየቀ። ፍየል አርዶ ሰው ጠርቷል። ወንድሙም መጥቷል። ልጅቷ ተነስታ ጥቅሉን በሰው ፊት ከፍታለች። እንግዳው ሁሉ አንብቢልን ብሏል። እሷ መጽሐፉን እንደያዘች ዝም ብላ ስትቆም፣ ታናሽ እህቷ፣ አሁን በተከፈተው ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል የምትማረው፣ በትከሻዋ በኩል አንገቷን አስግጋ የመጀመሪያውን ገጽ አነበበች። ሁለተኛውንም አነበበች። ማንም ሳያቆማት እስከ መጨረሻው ዘለቀች፣ ጀርባው ላይ ያለውንም ጨምራ። ሰው ሳቀ። በክፋት አይደለም፤ ትንሿ ልጅ ጎበዝ ናት ብሎ ነው የሳቀው።

«ወንድም የኔ አልሳቀም» አለኝ አባትየው። «አንድ ነገር ነው ያለው። 'አሥር ዓመት?' አለ። ሌላ የለም። አስተማሪ፣ እኔ ምን ልበል? ትምህርት ቤት በማኅተም ጻፈ፣ ልጅህ እዚህ ነው የደረሰ አለኝ። እህቱ እዚሁ መንደር ሦስት ዓመት ተማረ፣ እሱም እዚያ ደረሰ። ታዲያ ከተማ ለምን ልላከው? ወላሂ፣ አንተ ከኔ ታውቃለህ ብዬ ነው። አንተ ያልከውን ነው ያመንኩ።»

ሰውየው ልጁን የበደለ አባት አልነበረም። እኔ በማኅተም የሰጠሁትን ምስክርነት በትክክል ያነበበ ሰው ነበር። ያልተማረ ብዬ ልረግመው የመጣሁት ሰው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። ሽማግሌዎቹ እንዲሰሙ ጮክ አልኩ፤ በዚያ መጽሐፍ የሰደብኳት በሰው ፊት ነውና። «ይህ የእሷ ልክ አይደለም። ልጅዎ ከክፍሏ ሁለተኛ ናት። በጽሑፍ ደግሞ እኔ ካስተማርኳቸው ሁሉ የሚበልጣት የለም። እኔ ሳላያት ነው የመረጥኩላት። አነጋገሯን ሰምቼ አትችልም ብዬ ነው።»

አንዱ ሽማግሌ ያልኩትን ለሌላው ተረጎመለት። ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድምየው ተናገረ። አክስቷ ከነገረችኝ ጀምሮ በሩቁ ስጠላው የኖርኩት ሰው ነው።

«ለሌሎች ልጆችም መጽሐፍ አንተ ነው የሚመርጥ?»

«እኔ ነኝ።»

«ልጅ የኔ ሦስት ዓመት በፊት ሽልማት ይዞ መጣ። ወንድ ልጅ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ነው፣ ዝሆን ያለበት። ወንዝ ዳር ተቀምጦ አየው፣ አየው፣ ከዚያ ተወው። ተመለስ ብለው እምቢ አለ። ለምን ስለው አልነገረኝም።»

ልጁን አስታወስኩት። ዘጠነኛ ክፍል ነበር፤ ረጅም፣ እጁን የማያወጣ፣ ሲጠሩት ግን የሚመልስ። መስከረም ላይ ሲቀር መምህራን ማረፊያ ውስጥ «ወርቁ በላው» ብዬ ነበር፣ ሻይዬን እያማሰልኩ። ያኔም ተናድጄ ነበር፤ በአባቱ። ስለዚህ ይሄ «ሴት ልጅ ከተማ ምን ትሠራለች» የሚለው ሰውዬ የራሱን ልጅ ልኮ፣ ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሲመለስ አይቶ ነው እንዲህ የሚለው። የሰጠሁትን ሰው ፊት ሳላይ ይህን ሁሉ ዓመት ኖሬያለሁ። ሁሉም በእኔ ምክንያት አልቀሩም፤ ድህነት አለ፣ ወርቅ አለ፣ ትዳር አለ። ስንቱ ግን እንደዚያ ልጅ ወንዝ ዳር ተቀምጦ መጽሐፉን ገልብጦ አይቶ፣ «ለካ እንዲህ ነው የሚያዩኝ» ብሎ እንደቀረ አላውቅም። አንዳቸውም መጥተው አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር።

«ለእሱም የመረጥኩት እኔ ነኝ» አልኩት ወንድምየውን።

ልጅቷ ቤቱ በር ላይ ቆማ ስትሰማ ኖራለች። መቼ እንደወጣች አላየሁም። እጇ እስከ ክርኗ ርሶ ነበር፤ ልብስ እያጠበች ሳለ ነው የደረስኩት። አባቷ በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቃት፣ መለሰችለት፣ ደግሞ ጠየቃት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ ተናገረች፤ ቀስ ብላ፣ ቃል ሳታጥር።

«ቲቸር፣ እመለሳለሁ። አባዬ ፈቅዷል። ግን ሌላ ክፍል ነው የምገባው። ሌላ አስተማሪ ያስተምረኝ።»

አባቷ ደንገጥ ብሎ አየኝ፤ እንግዳ ላይ እንዲህ መናገሯ ነውር ሆኖበት ነው። ልቆጣ አሰብኩ፤ እስከ መንደራቸው በጭቃ የመጣሁ ሴት ነኝ። ግን በምን ፊቴ።

«እሺ» አልኳት። «እኔ ራሴ አዛውርሻለሁ።»

አሶሳ ስመለስ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ምዝገባ አልቋል አለኝ። ሁለት ቀን ተጨቃጨቅን። ሦስተኛው ቀን ላይ ለምን ዘግይታ እንደመጣች ከነምክንያቱ ጻፊ አለኝ፤ ከነምክንያቱ ጻፍኩለት፣ ምንም ሳላስቀር። አንብቦ መልሶ ሰጠኝና «ይሄ ፋይል ውስጥ አይገባም፣ የመምህር ክብር አለ» አለኝ። እንዲገባ አድርጌ ወጣሁ። ልጅቷን ከእኔ ክፍል አውጥቼ፣ አምና ተመድቦ የመጣው ወጣት መምህር ወደሚያስተምርበት ክፍል በራሴ እጅ ጻፍኳት። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ጎንበስ ብላ ሰላም ትለኛለች፣ ትሄዳለች። ቤተ መጻሕፍት እኔ በምቀመጥበት ሰዓት አትመጣም።

ኅዳር ላይ ወጣቱ መምህር ደብተር ይዞ መምህራን ማረፊያ ገባ። ፊቱ በርቷል። አጠገቤ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ደብተሩን ከፍቶ ሰጠኝ፤ ጽሑፏን አወቅሁት። ቀይ እስክሪብቶ አልነካውም። ከሥሩ አሥር ከአሥር ብቻ ነው የተጻፈበት።

«ይችን ልጅ ታውቂያታለሽ?» አለኝ። «ማንም ሰው ስለ እሷ አንድ ቃል አልነገረኝም። አምና ማን ነው ያስተማራት?»

«እኔ» አልኩት።